የቢዝነስ ኢኮኖሚክስ ዲግሪ ገቢና ዕዳ እንዴት ይነበባል?

የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ስኮርካርድ የተመራቂዎችን መካከለኛ ገቢና መካከለኛ ዕዳ በየትምህርት ዘርፉ ጎን ለጎን ያሳያል። መካከለኛ የተባለው አኃዝ ተመራቂዎቹ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ቢደረደሩ መሃል ላይ የሚገኘው ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ከፍተኛ ተከፋዮች አያዛቡትም።

ይበልጥ የሚያሳስተው ዕዳው ነው። የሚቆጠሩት የተበደሩት ተማሪዎች ብቻ ሲሆኑ፣ የሚደመረውም በስማቸው የተወሰደው የፌዴራል ብድር ብቻ ነው፤ ከግል ባንክ የተወሰደው አይካተትም፣ ወላጆች የተበደሩትም ለብቻው ነው የሚቀርበው። በእኔ እምነት አንድ ቤተሰብ እውነተኛውን ሸክም ለማወቅ እነዚህን ራሱ መደመር አለበት።

ሁለቱን አኃዞች የሚያገናኘው የዓመት ክፍያን በዓመት ገቢ ማካፈል ነው። ለምሳሌ 25,000 ዶላር በ5 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት የሚከፈል ከሆነ፣ ክፍያው በወር 265 ዶላር፣ በዓመት ደግሞ 3,180 ዶላር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከ50,000 ዶላር ገቢ 6.4 በመቶ፣ ከ30,000 ዶላር ግን 10.6 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የፌዴራል ደንብ በዋናነት የተመለከተው የሰርተፍኬት ሥልጠናዎችንና ለትርፍ የሚሠሩ ተቋማትን ቢሆንም፣ ከመመዘኛዎቹ አንዱ የነበረው፣ የዓመት ክፍያ ከዓመት ገቢ 8 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው፣ ለማንኛውም ተማሪ ጠቃሚ መነሻ ነው።

ቢዝነስ ኢኮኖሚክስ የሚመደበው በቢዝነስ ዘርፍ ሥር ሲሆን ኢኮኖሚክስ ግን በማኅበራዊ ሳይንስ ሥር ስለሆነ፣ የአንዱን ገቢ ለሌላው መውሰድ አይገባም።