«ክቪነሊሄድ» ምንድን ነው?

እንግሊዝኛውን «ዉማንሁድ» ወደ ዴንማርክኛ መመለስ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ቃል «ክቪነሊሄድ» ነው። «ክቪነ» ሴት ማለት ነው። «ክቪነሊ» ሴታዊ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ሄድ» የእኛን «-ነት» ሥራ ትሠራለች። ሲገጣጠም ሴትነት ይመስላል።

ችግሩ አጠቃቀሙ ላይ ነው። ዴንማርካውያን ክቪነሊሄድ ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚታያቸው አለባበሱ፣ አካሄዱ፣ ለዛው፣ አንዲትን ሴት ሴታሴት የሚያሰኛት ነገር ነው። ዉማንሁድ ግን ሴት ሆኖ መኖርንም፣ ከልጅነት ወጥቶ ለአካለ ሴት መድረስንም ይይዛል። ስለ ሴቶች ኑሮና መብት የሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ክቪነሊሄድን ብትሰኩት ወሬው ስለ ቁንጅና የሆነ ይመስላል። እኔ ብሆን ቃሉን ትቼ «ኦ ቬረ ክቪነ»፣ ማለትም «ሴት መሆን» ብዬ እጽፋለሁ። ይረዝማል እንጂ ሐሳቡን አያጎድልም።

ቀጥሎ የሰዋስው ጾታ ይመጣል። የድሮው ዴንማርክኛ እንደ ዛሬው አይስላንድኛ ሦስት ጾታ ነበረው። በኋላ ተባዕቱና አንስታዩ ተዋሃዱና «ፌለስኮን»፣ የጋራ ጾታ፣ ተባሉ። ሦስተኛው «ኢንተትኮን» ሆኖ ቀረ፤ ቃል በቃል «ምንም ጾታ» ነው። ከስም በፊት እንደ «አንድ» የምትገባው ቃል ለጋራው ጾታ «ኤን»፣ ለሌላው «ኤት» ናት። ስለዚህ ዛሬ ሴትም ወንድም ወንበርም እኩል «ኤን» ይቀድማቸዋል። ጠረጴዛ ግን «ኤት» ነው። ልጅም፣ ሰው የሚለው ቃል ራሱም «ኤት» ናቸው! «ክቪንፎልክ» የሚባል ሴትን የሚጠራ ቃል አለ፤ እሱም «ኤት» ነው። ሴትን ዝቅ ለማድረግ ነው እንዳትሉ፣ የወንዱ «ማንፎልክ»ም ያው ነው። በጥምር ቃል ላይ ጾታውን የሚወስነው የመጨረሻው ክፍል ነው፤ «ፎልክ» ደግሞ «ኤት» ነው። በ«ሄድ» የሚያልቁት ሁሉ «ኤን» ስለሆኑ ክቪነሊሄድም፣ ወንድነትን የሚገልጸው «ማንዲሄድ»ም አንድ ጎራ ውስጥ ናቸው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ግር ይላል። እኛ ግሱን ሳይቀር «መጣ»፣ «መጣች» እያልን እንለያለን። ዴንማርክኛ ግሱን አይነካም። «እሱ» እና «እሷ» ለሰው አሉ፤ ክቪነሊሄድን ግን «እሷ» ብሎ መጥራት አይቻልም፣ እንደ ሌላው የ«ኤን» ዕቃ ሁሉ «ደን» ነው የሚባለው።

አገሩ በሙሉ እንዲህ ነው ማለት ግን አይደለም። በቦርንሆልም ደሴት የቆየው ዘዬ ሦስቱንም ጾታ ይዟል። ዩትላንድ በሚባለው የዴንማርክ ልሳነ ምድር ምዕራባዊ ዘዬ ደግሞ ወንበሩም ጠረጴዛውም ያው «ኤን» ነው።

አንድ ነገር ግን ከአማርኛ ጋር ይገጥማል። «ኮን» የሚለው ቃል እንደ እኛ «ጾታ» ተፈጥሮንም ሰዋስውንም ይይዛል። እንግሊዝኛው «ሴክስ» እና «ጀንደር» ብሎ የለየውን ተርጓሚው «ባዮሎጂያዊ» ወይም «ማኅበራዊ» የሚል ቅጽል እየጨመረ መለየት አለበት። ያለዚያ አንባቢው የትኛው እንደተባለ አያውቅም።