ሬድ ላይ ሂል ስለማድረግ እዚህ ባህር ዳር የምንሰማቸው ስህተቶች፣ እውነታውስ?

ባህር ዳር ጌም ቤት ገብታችሁ ካያችሁ ሰው ሁሉ ፊፋ ላይ ተጥዶ ነው የሚውለው፣ ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለውን የኦንላይን ጌም የምንጫወተው ጥቂት ላፕቶፕ ተሸካሚዎች ነን፣ ጥቂት ስለሆንን ደግሞ አንዱ ማኪያቶ ይዞ የተናገረው ነገር ሳይጣራ ለሁሉም ይዳረሳል። በተለይ ስለ ሂለር፣ የሌሎቹን ደም (ላይፍ) ስለሚሞላው ተጫዋች። ሬድ ያው ብዙ ሰው ተሰብስቦ አንድ ከባድ ቦስ፣ ማለትም ትልቅ ጠላት፣ የሚገጥምበት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ጨዋታ መልሶ በሚያመጣው፣ በ2019 በተከፈተው ክላሲክ ላይ እስከ 40 ሰው፣ በአሁኑ ዋናው ጨዋታ ሚቲክ በሚባለው ከባዱ ደረጃ ላይ ደግሞ ልክ 20 ሰው። ታንኩ ዱላውን ይቀበላል፣ ዲፒኤሱ ቦሱን ይመታል፣ ሂለሩ ሰው እንዳይሞት ያደርጋል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል፣ ጉዱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የማነሳቸው ምሳሌዎች አብዛኞቹ ከክላሲክ ናቸው፣ የኛ ልጆች ኮምፒውተር በደንብ የሚችለው እሱን ስለሆነ።

«ሚተሩ ላይ አንደኛ የወጣው ነው ምርጡ ሂለር»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ቦሱ ወድቆ ገና ሎቱ (ቦሱ የጣለው ዕቃ) ሳይከፋፈል አንዱ ሚተር፣ ማን ስንት ሂል እንዳደረገ የሚቆጥረውን ዝርዝር፣ ይለጥፋል፣ ከዛ አንደኛ የወጣው ይንጎራደዳል አምስተኛ የወጣው ያኮርፋል። ሂል ግን እንደ ዳሜጅ አይደለም፣ የቦሱ ደም እስኪሞት ድረስ ሁሌ ለመመታት አለ፣ የሰው ደም ግን የጎደለውን ያህል ብቻ ነው የሚሞላው። ስለዚህ አንደኛ ለመውጣት ቀላሉ መንገድ ምን መሰላችሁ፣ ሌላው ፕሪስት (ሂለር ከሚሆኑት የገጸ ባህሪ ዓይነቶች፣ ክላሶች፣ አንዱ) ረጅሙን ግሬተር ሂል ካስት እያደረገለት፣ ማለትም አስማቱን እያዘጋጀለት፣ ያለውን ሰው አንተ በ1.5 ሰከንድ ፍላሽ ሂል ቀድመህ መሙላት ነው፣ ስናይፕ የምንለው ማለት ነው። ያንተ ቁጥር ከፍ አለ፣ የሱ ሂል በሙሉ ኦቨርሂል፣ ሙሉ ደም ላይ የፈሰሰ ትርፍ፣ ሆነ፣ ታንኩ የተጠቀመው ግን ያው አንድ ሂል ነው፣ የሁለት ሰው ማና (ስፔል ወይም አስማት የሚጠይቀው ጉልበት) ሄደ።

ደግሞ ሚተሩ ጭራሽ የማይቆጥረው ስራ አለ። ሞልተን ኮር የሚባለው ሬድ ውስጥ ጌሄናስ የሚባለው ቦስ የሚጥለው ኩርስ (እርግማን) የሚገባላችሁን ሂል በ75 ፐርሰንት ይቀንሰዋል፣ 2000 ሊሞላ የነበረው ሂል 500 ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ይህን ኩርስ የሚያነሱት ሜጅና ድሩይድ የሚባሉት ክላሶች ናቸው፣ ፕሪስትም ፓላዲንም አይችሉም። እና አንድ ነቃ ያለ ሜጅ ታንኩ ላይ ያለውን ኩርስ በጊዜ ቢያነሳ የሂለሮቻችሁን ጉልበት 4 እጥፍ መለሰላችሁ፣ የሂሊንግ ሚተሩ ላይ ግን ስሙም የለም። እዛው ሞልተን ኮር ሉሲፍሮን የሚባለው ቦስ ላይም የስፔል ማና ዋጋን በእጥፍ የሚያስወጣ ኩርስ አለ፣ እሱን ዝም ብሎ ተሸክሞ ሂል ሲያደርግ ቆይቶ «ማናዬ አለቀ» የሚል ሂለር ስንት አለ መሰላችሁ።

በዛው ልክ ኦቨርሂሉ ስለበዛ ብቻ ሰው መሳደብም ልክ አይደለም፣ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ይመጣል።

«ሁላችንም ሁሉንም እናያለን፣ መመደብ ምን ያደርጋል?»

ይሄን የሚሉት ጎበዝ ነን የሚሉት ናቸው። ያልተመደበ ሬድ ውስጥ የሚሆነው ሁሌ አንድ ነው፣ የአንድ ሰው ደም ሲወርድ 10 ሂለር በአንዴ እሱን ይጫናል፣ ዘጠኙ ይባክናል፣ በዛው ሰከንድ ሌላ ጥግ ላይ ያለው ማንም ሳያየው ይሞታል፣ ከዛ «ማን ነበር እሱን የሚያየው?» ይባላል፣ መልሱ ሁሉም ነው፣ ማለትም ማንም።

ናክስራማስ የሚባለው ሬድ ላይ ያለውን ፓችወርክ የሚባል ቦስ እዩት። ሰውየው ምንም ተንኮል የለውም፣ ቆሞ ይመታል፣ ግን ሄትፉል ስትራይክ የሚባል ከባድ ምት አለው፣ እሱን የሚያሳርፈው ዋናው ታንክ ላይ ሳይሆን ከሱ ቀጥሎ አጠገቡ ካሉት ትሬታቸው (ጠላት ማንን እንደሚመታ የሚወስነው ነጥብ) ከፍ ካለ ሰዎች መካከል በዛች ቅጽበት ደሙ የበዛው ላይ ነው። ለዛ ነው ኦፍታንኮች፣ ተጨማሪ ታንኮች፣ የሚመደቡት፣ ለዛም ነው ለእያንዳንዱ ኦፍታንክ የራሱ ሂለሮች በስም የሚመደቡለት። ምቱ የሚመጣው ከ2 ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ስለሆነ «ደሙ ሲወርድ አይቼ እጀምራለሁ» ካልክ ሂልህ ሲደርስ ሰውየው መሬት ላይ ነው። እዚህ የሚሰራው ደሙ ሙሉ እያለም ካስት መጀመር ነው። ክላሲክ ላይ ማና የሚቆረጠው ካስቱ ሲያልቅ ስለሆነ ምቱ ካልመጣ ትንሽ ፈቀቅ ብለህ ካስቱን ታቋርጠዋለህ፣ አንዲት ማና አላወጣህም። የታንክ ሂለር ኦቨርሂሉ የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው፣ ለመቼውም ዝግጁ ሆኖ እየጠበቀ ስለሆነ።

ግሩፕ አከፋፈልም የምደባ አካል ነው፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ክላሲክ ላይ የፕሪስት ፕሬየር ኦፍ ሂሊንግ የሚሞላው የራሱን ግሩፕ 5 ሰው ብቻ ነው። አብረው ዱላ የሚቀበሉትን ሜሊዎች (ቦሱን ተጠግተው የሚዋጉትን) አምስት ቦታ በትናችሁ ፕሪስቱን ከሜጆች ጋር አስቀምጣችሁ «ለምን ኤኦኢ (የጋራ) ሂል አታደርግም» ማለት በጣም ያስቃል።

«ሂለር ሲበዛ ሴፍ ነን»

አይደለም፣ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። 30 ዲፒኤስ ቦሱን በ5 ደቂቃ ይጥለዋል እንበል፣ ከነሱ 3ቱን ሂለር አደረጋችኋቸው፣ 27ቱ በ5 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ነው የሚጥሉት። ግማሽ ደቂቃ ሙሉ ተጨማሪ ምት ታንኩ ላይ መጣ፣ የሁሉም ሂለር ማና ግማሽ ደቂቃ ይበልጥ ሊቆይ ነው፣ ቦሱ ኢንሬጅ፣ ሰዓት ሲያልፍ የሚያብድበት ነገር፣ ያለው ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሰዓቱ ሊያልፍባችሁ ነው። ሰው እየሞተ ያለው ሂል ስላነሰ ነው ወይስ እሳት ውስጥ ስለቆመ፣ መጀመሪያ እሱን ለዩ።

«ማና የሚያልቅብህ ጊርህ ደካማ ስለሆነ ነው»

ጊር (የለበስከው ትጥቅ) ያግዛል፣ አልካድኩም። ግን ክላሲክ ላይ ማና በስፒሪት (ማና በሚመልሰው የገጸ ባህሪህ ነጥብ) የሚመለሰው ስፔል ላይ ማና ካወጣህ 5 ሰከንድ ካለፈ በኋላ ነው፣ የ5 ሰከንድ ህግ የሚባለው። በየ4 ሰከንዱ አንዲት ትንሽ ሂል ጣል የሚያደርግ ሰው የቆጠበ ይመስለዋል፣ የስፒሪቱን ማና ግን ሙሉ ፋይቱን አላገኘም። ከዛ ይልቅ መስራት ባለብህ ሰዓት በደንብ ሰርተህ ሲረጋጋ እጅህን ከኪቦርዱ ላይ አንሳ፣ ካስት አድርጎ ማቋረጡም እዚህ ጋር ይጠቅምሃል ምክንያቱም የተቋረጠ ካስት ማና ስላላወጣ ሰዓቱን አያስጀምረውም።

ሌላው ራንክ ነው፣ የአንድ ስፔል ደረጃ። «ትልቁን ራንክ ተምሬ ትንሹን ለምን እጠቀማለሁ» የሚል ሰው በየጊዜው ይገጥመኛል። ጊርህ የሚሰጥህ የሂሊንግ ቦነስ ከስፔሉ የካስት ርዝመት ጋር ነው የሚሄደው፣ የድሩይድ ሂሊንግ ታች ራንክ 4 የ3 ሰከንድ ካስት ነው፣ ማናው ግን ከላይኞቹ ራንኮች በጣም ያንሳል፣ ስለዚህ ጊርህ በተሻሻለ ቁጥር ትንሹ ራንክ ይበልጥ ያዋጣል። ለምን 4 ሆነ 3 አልሆነም ካላችሁ ደግሞ ከሌቭል 20 በታች የሚገኙ ስፔሎች ቦነሳቸው ስለሚቀነስ ነው፣ ራንክ 4 ልክ ሌቭል 20 ላይ ነው የሚገኘው። ይሄ የክላሲክ ነገር ነው ታዲያ፣ አሁን ባለው ዋናው ጨዋታ ላይ አይሰራም።

ማና ፖሽንም (ማና የሚመልሰውን መጠጥ) አታስቀምጡት። ሜጀር ማና ፖሽን ከ1350 እስከ 2250 ይመልሳል፣ ኩልዳውኑ፣ እንደገና እስኪጠጣ የሚጠበቀው ጊዜ፣ 2 ደቂቃ ነው። 2250 እንደጎደለህ ወዲያው ከጠጣኸው ረጅም ፋይት ላይ ሁለተኛውንም ምናልባት ሶስተኛውንም ትደርስበታለህ፣ ማናህ ዜሮ እስኪሆን ከጠበቅክ አንዱን ብቻ ጠጥተህ ትሞታለህ።

«አግሮ የሚመጣብኝ ታንኩ ስለማይረባ ነው»

አግሮ ማለት ጠላቱ ወዳንተ ሲዞር ነው። አንዳንዴ እውነት ነው ሃሃ። ግን ሂልም ትሬት አለው፣ የሞላኸው ደም ግማሽ ያህል፣ እሱም ፋይቱ ውስጥ ላሉት ጠላቶች በሙሉ ይከፋፈላል፣ ኦቨርሂል ደግሞ ምንም ትሬት የለውም። 5000 ሞልተህ አምስት ሞብ (ጠላት) ካለ ለእያንዳንዱ 500 ደረሰው ማለት ነው፣ ታንኩ ለነካቸው ይሄ ምንም አይደለም። ችግሩ አዲስ ሞብ ሲገባ ነው፣ ማንም ስላልነካው ያንተ ሂል ብቻ ነው የሚታየው፣ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ያኔ መሸሽ ሳይሆን ወደ ታንኩ መሮጥ፣ ፕሪስት ከሆንክ ትሬትህን ለጊዜው የሚቀንሰውን ፌድ መጫን።

«ትልቁን ኩልዳውን ለክፉ ቀን አስቀምጠው»

ትልቁ ኩልዳውን ማለት ብዙ ጠብቀህ አንዴ የምትጫነው ከባዱ ስፔል ነው። ክፉ ቀኑ ሲመጣ ሁሉም አንዴ ይጫናል፣ ወይም ሁሉም ሌላው ይጫናል ብሎ ይተዋል። አሁን ያለው ጨዋታ ላይ የድሩይዱ ትራንኩሊቲ፣ የፕሪስቱ ባሪየር፣ የሻማኑ ስፒሪት ሊንክ ቶተም በቅደም ተከተል ተጽፈው ነው የሚገቡት፣ የቦሱ ትልልቅ ምቶች ሰዓት ዲቢኤም በሚባለው አጋዥ ፕሮግራም ይታወቃል እኮ፣ አንደኛው ምት ላይ እገሌ፣ ሁለተኛው ላይ እገሌ። አለቀ።

«በኛ ኔትወርክና መብራት ሂለር መሆን አይቻልም»

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ብዙ ጎበዝ ልጅ በዚህ ምክንያት ሂለርነቱን ትቶታል። ሰርቨሩ አውሮፓ ነው፣ ፒንጉ (የኔትወርክ መዘግየቱ) ከፍ ይላል፣ የነሱ ማታ 2 ሰዓት ሬድ በክረምታቸው ለኛ ማታ 4 ሰዓት ነው፣ መብራት ደግሞ ሲፈልግ ይሄዳል። እሺ። ግን ከፍ ያለ ፒንግ የሚጎዳው ሁሉንም ስራ እኩል አይደለም። በድንገት የሚመጣን ነገር በቅጽበት ዲስፔል ማድረግ (ማንሳት) ይከብዳል፣ ልክ ነው፣ ለሌላ ስጡት። ሪጁቪኔሽንና ሪኒው የሚባሉትን ቀስ እያሉ የሚሞሉ ሂሎች ቀድሞ መደርደር፣ ምቱ ሳይመጣ ሺልድ ማልበስ፣ ታንኩ ላይ ያለማቋረጥ ካስት ማድረግ፣ ሰዓቱ የታወቀ ኩልዳውን መጫን፣ እነዚህ በሙሉ ቀድመህ የምታስባቸው ናቸው፣ ፒንግህ ቋሚ እስከሆነ ድረስ ከፍ ቢልም እጅህ ይለምደዋል። የሚያስቸግረው አንዴ ወርዶ አንዴ የሚዘለው ነው፣ እሱን ደግሞ ዳውንሎድ የሚያደርገውን ወንድምህን በማስቆም ጀምር።

መብራቱን በተመለከተ ማንም የማያነሳው ነገር አለ። የአንድ ታንክ ሁለት ሂለሮች ሁለቱም ዲያስፖራ ሰፈር ከሆኑ መብራት ሲሄድ ሁለቱም እኩል ይጠፋሉ፣ ታንኩ በዛው ይሄዳል። አንዱን ከዲያስፖራ አንዱን ከአባይ ማዶ፣ ከተቻለ ደግሞ አንዱን ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ካለ ሰው ጋር አጣምሩት። ባትሪው የሚሰራ ላፕቶፕና የስልክ ሆትስፖት ያለውን ሰው ታንክ ላይ፣ ዴስክቶፕ ያለውን ሬድ ሂል (የሌላውን ሰው) ላይ። የኛ ሬድ መሪዎች ምደባ ሲሰሩ ክላስ ብቻ ነው የሚያዩት፣ ሰፈርም ይታይ።

«ሂል የሂለሩ ስራ ብቻ ነው፣ ሂለሩም ሂል ብቻ»

ሁለቱም ስህተት ነው። ወደ ዘጌ የምትሄድ ጀልባ ወለሏ ቢቀደድ ውሃ የሚቀዳ ሰው ከመጨመራችሁ በፊት ቀዳዳውን ነው የምትደፍኑት፣ እሳት ውስጥ የቆመ ሮግም (ተጠግቶ የሚመታ ዲፒኤስ) እንደዛው ነው፣ ይውጣ። ዋርሎክ የሚባለው ክላስ ደም የሚሞላ ሄልዝስቶን ሰጥቶታል ይብላው፣ ባንዴጅ አለው ይጠቀም፣ ሄቪ ሩንክሎዝ ባንዴጅ በ8 ሰከንድ 2000 ይሞላል፣ ማንም ማና አያወጣበትም። በሌላ በኩል ደግሞ ፋይናል ፋንታሲ 14 የሚባለውን ሌላ ጌም የሚጫወት ካለ ያውቀዋል፣ እዛ 8 ሰው ሬድ ላይ 2 ሂለር ነው የሚገባው፣ ሂል በማያስፈልግበት ሰዓት ሁሉ መምታት ይጠበቅባቸዋል። ዋርክራፍት ላይም አሁን ያለው ዲሲፕሊን ፕሪስት አቶንመንት የሚባለውን ምልክት ያደረገባቸውን ሰዎች የሚሞላው ቦሱን በመምታት ነው።

«ሂለርነት ለማይችል ሰው የሚሰጥ ነው»

አዲስ ሰው ሲመጣ፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ «አንቺ ሂለር ሁኚ ቀላል ነው» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በተከፈተው አይስክራውን ሲታዴል የሚባል ሬድ ውስጥ ቫሊትሪያ የምትባል ድራጎን ነበረች፣ ፋይቱ እሷን መግደል ሳይሆን ደሟን ከ50 ወደ 100 ፐርሰንት ማድረስ ነው፣ ሂለሮቹ በፖርታል እየገቡ ዳመና ይሰበስባሉ፣ በሰበሰቡ ቁጥር ሂላቸው ይጨምራል፣ ዲፒኤሱ ስራው እነሱ እንዳይነኩ መጠበቅ ነው። ቀላል ነው የሚል ሰው እዛ ይሞክረው።

ክላሲክ ላይ ደግሞ ናክስራማስ ውስጥ ሎዜብ የሚባል ቦስ አለ። አንዴ ሂል ካደረግክ ለ60 ሰከንድ ሌላ ሂል ማድረግ አትችልም። 12 ሂለር ካላችሁ በየ5 ሰከንዱ አንድ ሂል ነው ያላችሁ፣ ሁሉም ታንኩ ላይ፣ ሌላው ሰው በባንዴጅና የሻዶው ምት በሚከላከል ፖሽን ራሱን ያኖራል። ከ1 እስከ 12 ቁጥር ተሰጥቶ በዲስኮርድ ይጠራል፣ እያንዳንዱ ሰው ትልቁን ራንክ ይጠቀማል፣ እዚህ ላይ ማና መቆጠብ የለም። የኛ ሰው ሲሰራው አንድ ነገር ቀድማችሁ ተስማሙ፦ 7 ቁጥር መብራት ሄዶበት ድምፁ ከጠፋ 8 ሳይጠየቅ ወዲያው ይግባ፣ 7 ሲመለስ ቦታውን አይጠይቅ፣ ከ12 በኋላ ይሰለፍ።