አሜሪካ ውስጥ «አጫሽ» ተብሎ የሚቆጠረው ማነው?

በ1965 (እንደ ፈረንጅ ነው ሁሉም) አሜሪካ ውስጥ ከአዋቂው 42 ፐርሰንት ያህሉ ያጨስ ነበር፣ በ2022 ወደ 11.6 ወርዷል። ቁጥሩን ሁሉም ሼር ያደርጋል፣ ማን ተቆጥሮ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

ቁጥሩ የሚወጣው ሰዎችን በመጠይቅ በመጠየቅ ነው፣ የመጠይቁ ህግ እንዲህ ነው፣ በህይወትህ ቢያንስ 100 ሲጋራ ማለትም 5 ፓኮ አጭሰህ አሁንም በየቀኑ ወይ አንዳንድ ቀን የምታጨስ ከሆነ አጫሽ ነህ። ስለዚህ እስካሁን 60 ብቻ ያጨሰ ልጅ ዛሬ ማታ ቢራውን ይዞ እያጨሰም «አጭሶ የማያውቅ» ውስጥ ነው የሚገባው፣ ጭሱ ባፍንጫው እየወጣ እኮ ነው! 100ውን አልፎ የተወው ደግሞ ያቆመ ይባላል። ቬፕ (የኤሌክትሪክ ሲጋራ) ብቻ የሚስብም እዚህ ውስጥ የለም። «አንዳንድ ቀን» የሚለው ምርጫ ራሱ የገባው በ1992 ነው፣ ከዛ በፊት ጥያቄው አሁን ታጨሳለህ ወይ ብቻ ስለነበር አልፎ አልፎ የሚያጨሰው ዝም ብሎ አላጨስም ብሎ ሊያልፍ ይችላል፣ የድሮውንና ያሁኑን እኩል ማወዳደር ትንሽ ያስቸግራል።

ሌላው ከዚህ ጋር የሚምታታው የነፍስ ወከፍ ፍጆታ ነው። እሱ ጣራ የነካው በ1963 ነው፣ ለአንድ አዋቂ በዓመት ከ4,000 በላይ ሲጋራ፣ ከዛ በጥር 1964 የመንግስት ዋና ሀኪሙ ሲጋራ የሳንባ ካንሰር ያመጣል የሚለውን ሪፖርት አወጣ። 4,000ው ግን ለማያጨሰውም ጭምር ተካፍሎ ነው፣ ለሚያጨሱት ብቻ ብታካፍለው በቀን ከ1 ፓኮ ያልፋል። ደግሞ በቀን 20 የነበረው ሰው ወደ 5 ቢቀንስ ፍጆታው ይወርዳል፣ ፐርሰንቱ ግን ንቅንቅ አይልም።