«ድንቅነሽ» የተባለችው አስትሮይድ ሦስት መጠሪያ ያገኘችበት ሥርዓት

በማርስና በጁፒተር መካከል በሚገኘው ዋናው የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ የምትዞረው ድንቅነሽ፣ አንድ ቦታ «1999 ቪዲ57»፣ ሌላ ቦታ «152830» ተብላ ስለምትጠቀስ ሦስት የተለያዩ አካላት ያሉ ይመስላል፤ ሦስቱም ግን የአንዲት አለት መጠሪያዎች ናቸው።

«1999 ቪዲ57» ጊዜያዊ መለያ ነው። «ሊኒየር» የተባለው የሰማይ አሰሳ ፕሮጀክት አለቷን ያገኛት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1999 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ሲሆን፣ «ቪ» የወሩን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ «ዲ» እና 57 ደግሞ በዚያ አጋማሽ ከተመዘገቡት መካከል ተራዋን ያመለክታሉ። ለተራው የሚያገለግሉት የላቲን ፊደላት 25 ናቸው፤ «አይ» ከ1 ቁጥር ጋር እንዳትምታታ ተትታለች። 57 ደግሞ ፊደላቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስንት ጊዜ እንደተዳረሱ ይቆጥራል። ስለዚህ 57 በ25 ተባዝቶ፣ «ዲ» አራተኛ ፊደል በመሆኗ 4 ሲደመርበት፣ 1429ኛ ትሆናለች። አሠራሩ ለዓይን የማይማርክ ቢሆንም ከስሕተት ይጠብቃል።

እንደ «152830» ያለው ቋሚ ቁጥር የሚሰጠው ምሕዋሩ በተደጋጋሚ ምልከታ በአስተማማኝ ሁኔታ ሲታወቅ ብቻ ነው፤ ስም ደግሞ ከቁጥሩ በኋላ ይመጣል። ስም የማቅረብ ቅድሚያ ለ10 ዓመት የአግኚው ሲሆን፣ የሚያጸድቀው ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ነው። ስሙ ከ16 የላቲን ፊደላት መብለጥ የለበትም፤ በፖለቲካ ወይም በጦር ሜዳ ተግባራቸው የታወቁ ሰዎች ስም ደግሞ ከሞቱ 100 ዓመት ሳይሞላ አይወጣም። በገንዘብ የሚገዛ ስም የለም።

ድንቅነሽ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ2023፣ በሐዳር በተገኘችው ቅሪተ አካል የተሰየመችው «ሉሲ» የተባለች የናሳ መንኮራኩር በአጠገቧ እንድታልፍ በመታቀዱ ነበር። መንኮራኩሯ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 1 ስታልፍ ያልተጠበቀች ትንሽ ጨረቃ አገኘች፤ ጨረቃዋም በዲኪካ በተገኘችው የሕፃን ቅሪተ አካል «ሰላም» ተባለች።