ሊኑክስ ሥራ ላይ እያለ የፕሮሰሰር ኮር ማጥፋትና ማብራት

ሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር ሪስታርት ሳይደረግ ከፕሮሰሰሩ ኮሮች (ሥራውን ተከፋፍለው ከሚሠሩት ክፍሎቹ) አንዱን ከሥራ ማስወጣትና መልሶ ማስገባት ይቻላል። ይህ አሠራር ሲፒዩ ሆትፕለግ ይባላል። ብዙዎች የሚያውቁት የዊንዶውስ የኮር መገደቢያ ግን ሪስታርት ይጠይቃል።

አዳማ ላይ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ሲቀር፣ ወይም በበጋው ሙቀት ማራገቢያው ሲጮህ፣ «ግማሹን ኮር ባጠፋውስ?» የሚለው ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ብዙም አይጠቅምም። በዘመናዊ ፕሮሰሰር ሥራ ያጣ ኮር በራሱ ጊዜ ኃይል ወደሚቆጥብበት ሁኔታ ይገባል፤ ግማሹ ሲጠፋ ደግሞ የቀሩት ያንኑ ሥራ ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ይደክማሉ። ለሙቀቱ የኮሮቹን ከፍተኛ ፍጥነት ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

ሊደነቅ የሚገባው ኮሩ ከሥራ የሚወጣበት ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ኮር የራሱ ፎልደር አለው፤ እዚያ ውስጥ «ኦንላይን» የሚባል ፋይል ይገኛል። የሩት (የሙሉ አስተዳዳሪ) ሥልጣን ያለው ሰው በቁጥር 3 ኮር ፋይል ላይ 0 ሲጽፍ ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ ዋና አካል፣ ደረጃ በደረጃ ይሠራል፦ አዲስ ሥራ እንዳይመደብለት ይከለክላል፣ ፕሮግራሞቹን ወደ ሌሎች ኮሮች ያዛውራል፣ ከኔትወርክ ካርድና ከዲስክ የሚመጡ ኢንተራፕቶችን (የ«አስተናግደኝ» ጥሪዎችን) ወደ ሌሎች ያዞራል፣ ታይመሮችን ያስረክባል። መሐል ላይ እንቅፋት ከገጠመው የሠራውን ወደ ኋላ ይመልሳል። 1 ሲጻፍ ሂደቱ በተቃራኒው ይሄዳል። በዚያ ኮር ላይ ብቻ እንዲሠራ የታሰረ ፕሮግራም ካለ ከርነሉ እስሩን ጥሶ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል፤ ለጊዜ ጥንቃቄ የሚሹ ፕሮግራሞችን የሚጽፍ ሰው ይህን ሊዘነጋ አይገባም።

በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች የመጀመሪያው፣ ቁጥር 0 ኮር፣ አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም።

አሠራሩ ሳናውቀው በየቀኑ ያገለግለናል፦ ላፕቶፕ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ሲገባ ሊኑክስ ከአንዱ በስተቀር ሌሎቹን ኮሮች የሚያወጣው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ፎርሻዶው የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የደህንነት ክፍተት ይፋ ሲሆንም፣ አንድን ኮር የሚጋሩ ሁለት ትሬዶችን (የሥራ መስመሮችን) ወደ አንድ ለማውረድ የሚያስችል መቆጣጠሪያ በዚሁ መሠረት ላይ ተጨመረ።

በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ይሁን በግሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚያጠና ሰው ባለ 4 ኮር ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ላይ ሊሞክረው ይችላል። ቁጥር 3ን አጥፍቶ ኤልኤስሲፒዩ (lscpu) የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጥ በሥራ ላይ ያሉት ከ0 እስከ 2፣ የጠፋው 3 ተብሎ ለየብቻ ይዘረዘርለታል።