የአንታርክቲካ ልሳነ ምድር የትናንሽ መርከቦች የአሰሳ ጉዞ

የአንታርክቲካ ልሳነ ምድር ከደቡባዊው አህጉር ወጥቶ ወደ ደቡብ አሜሪካ የተዘረጋ፣ በተራራና በበረዶ ግግር የተሸፈነ ረጅም ምድር ነው። አንታርክቲካን የሚጎበኙ ሰዎች አብዛኞቹ የሚያዩት የዚህን ምድር ምዕራባዊ ዳርቻና ከፊቱ የተደረደሩትን የደቡብ ሼትላንድ ደሴቶች ነው። በዳርቻው ከተማም ሆነ መደበኛ ነዋሪ የለም። ከጥቂት የምርምር ጣቢያዎች በቀር የሰው ቤት ስለማይገኝ ጎብኚው የሚያድረውም የሚመገበውም በመርከቡ ላይ ነው። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ተሳፋሪ ይዘው፣ በጎማ ጀልባ ሰውን የብስ ላይ በሚያወርዱ ትናንሽ መርከቦች ላይ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የጉዞው ወቅት ከኖቬምበር እስከ ማርች ድረስ ያለው የደቡቡ በጋ ነው። አብዛኞቹ መርከቦች ከአርጀንቲና የኡሹዋያ ወደብ ይነሣሉ። ከዚያ የድሬክ ሰርጥን ለማቋረጥ ሁለት ቀን ገደማ ይፈጃል። ሰርጡ በነፋሱና በማዕበሉ የታወቀ ስለሆነ፣ ይህን ለመሸሽ ከቺሊ ፑንታ አሬናስ ወደ ኪንግ ጆርጅ ደሴት በአውሮፕላን በርረው መርከቡን እዚያ የሚሳፈሩም አሉ።

የአንታርክቲካን አህጉር መጀመሪያ ማን አየው የሚለው ጥያቄ ያከራክራል። ሩሲያዊው ቤሊንግስሃውዘን፣ የብሪታንያ ባሕር ኃይሉ ብራንስፊልድና አሜሪካዊው ፓልመር ሦስቱም በ1820 በአንታርክቲካ ባሕሮች ላይ ነበሩ፤ አገሮቻቸውም የየራሳቸውን ሰው ያስቀድማሉ። የቀኑ ቅደም ተከተል ግን ለቤሊንግስሃውዘን ያደላል። ቀጥሎ የአቆስጣና የዓሣ ነባሪ አዳኞች ዘመን መጣ። በ1898 የቤልጂጉ አድሪያን ደ ዠርላሽ ቤልጂካ በተባለች መርከብ ዳርቻውን አስሶ ለብዙ ቦታዎች ስም አወጣ። ዛሬ ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳበትን፣ በሁለት የገደል ግድግዳዎች መካከል 11 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀውን ጠባብ መተላለፊያ ለሜር ብሎ የሰየመው እሱ ነው። ሻርል ለሜር ኮንጎን ያሰሰ ቤልጂጋዊ ስለነበር፣ የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ዘመን አሻራ እስከዚህ በረዶ ድረስ ደርሷል ማለት ነው።

አርጀንቲናና ቺሊ በ1950ዎቹ መጨረሻ መንገደኞችን በመርከብ ማመላለስ ጀምረው ነበር። የዛሬው ዓይነት የአሰሳ ጉዞ አባት መባል የሚገባው ግን ስዊድናዊ አሜሪካዊው ላርስ ኤሪክ ሊንድብላድ ነው። በ1966 ከአርጀንቲና ባሕር ኃይል ላፓታይያ የተባለች መርከብ ተከራይቶ ጎብኚዎችን ወሰደ። መንገደኛው ከመርከቡ መስኮት ሆኖ በረዶ ከማየት አልፎ በሳይንስ ባለሙያ ትምህርት እየተሰጠው የብስ ላይ እንዲወርድ፣ የሚያየውንም እንዲያውቅ ፈለገ። ከዚያ ወዲህ የወጡት የጉብኝት ደንቦች አብዛኞቹ ከዚህ ሐሳብ የተቀዱ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1969 ለዚሁ ሥራ ታስባ የተሠራችው ሊንድብላድ ኤክስፕሎረር ከፊንላንድ የመርከብ ግንባታ ሥፍራ ወጣች። ርዝመቷ 73 ሜትር ያህል፣ የምትይዘው መቶ ገደማ ተሳፋሪ፣ ቀለሟም ቀይ ነበር፤ በዚህም የተነሣ ወዳጆቿ «ትንሿ ቀይ መርከብ» ይሏት ነበር። አካሏ በረዶ እንዲችል የተጠናከረ፣ ቅርጿም ጥልቀት በሌለው ባሕረ ሰላጤ እንድትገባ የሚያመች ነበር። በ1972 በኪንግ ጆርጅ ደሴት አቅራቢያ ድንጋይ ላይ ወጥታ ስለተሰነቀረች ተሳፋሪዎቿን የቺሊ ባሕር ኃይል አወጣቸው። ተጠግናም ለረጅም ዓመታት ሠራች፤ በ1984 ከመንገደኛ መርከቦች የመጀመሪያዋ ሆና በካናዳ ሰሜን ያለውን የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ አቋረጠች።

ፍጻሜዋ ኖቬምበር 23 ቀን 2007 ሆነ። ኤክስፕሎረር በሚል ስም በሌላ ባለቤት እጅ ሳለች በብራንስፊልድ ሰርጥ ሌሊት በረዶ መታትና ውኃ ገባት። 154ቱ ሰዎች በነፍስ አድን ጀልባዎችና በጎማ ጀልባዎች ሆነው ለሰዓታት ብርዱን ከታገሱ በኋላ፣ ኖርድኖርጌ የተባለችው የኖርዌይ መርከብ ደርሳ ሁሉንም ወሰደቻቸው። አንድም ሰው አልሞተም። የመርከቧ ሰንደቅ የላይቤሪያ ስለነበረ ምርመራውን ያካሄደችው ላይቤሪያ ናት፤ ሪፖርቱም ካፒቴኑ የበረዶውን ጥንካሬ አሳንሶ በመገመት በፍጥነት መግባቱን ዋና ምክንያት አድርጎ አስቀምጧል። የመርከቧ ዕድሜና ጥገና የራሱ ድርሻ ነበረው የሚሉም አልጠፉም።

የብስ የመውረዱ ሥርዓት የጉዞው እምብርት ነው። ከመውረዱ ቀደም ብሎ ተሳፋሪው ጃኬቱን፣ ቦርሳውንና የካሜራ መያዣውን ይዞ ይቀርባል፤ በኪስና በሚጣበቅ ማሰሪያ ውስጥ የተደበቀ ዘር በቫኪዩም ይሳባል፣ የቀረው በወረንጦ ይለቀማል። ቦት ጫማ በብሩሽ ተፍቆ ቪርኮን በተባለ ፀረ ተሕዋስ ውስጥ ይነከራል፤ ሲመለሱም እንደገና፣ በተለይ የፔንግዊን ኩስ ከረገጡ። ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አይደለም። በፖላንዱ የአርክቶውስኪ ጣቢያ ዙሪያ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ባዕድ ሣር በቅሎ ተገኝቷል፤ አህጉሩ ደግሞ ያሉት አገር በቀል አበባማ ዕፀዋት ሁለት ብቻ ናቸው። ወደ ጀልባው ሲወረድ ተሳፋሪውና መርከበኛው አንዱ የሌላውን የእጅ አንጓ ይይዛል፤ ጓንት ለብሶ መዳፍ ለመዳፍ መጨባበጥ ስለሚያዳልጥ። አንድ ጀልባ አሥር ያህል ሰው ጠርዙ ላይ ዳር ለዳር አስቀምጦ ይሄዳል።

ከማረፊያዎቹ ሁሉ የተለየችው ዲሴፕሽን ደሴት ናት። ደሴቲቱ በባሕር የተሞላ የእሳተ ገሞራ አፍ ስለሆነች መርከቡ በጠባብ በር ገብቶ ተራራው ውስጥ ይቆማል። በዳሩ በ1931 የተዘጋው የኖርዌጂያን የዓሣ ነባሪ ዘይት ማንጠሪያ ዝጎ ይታያል፤ በ1967፣ በ1969 እና በ1970 የፈነዳው እሳተ ገሞራ በዚያ የነበሩትን የምርምር ጣቢያዎች አበላሽቷል። ሌላዋ ታዋቂ ቦታ በትንሽ ደሴት ላይ ያለችው ፖርት ሎክሮይ ናት። ብሪታንያ በ1944 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል የመሠረተቻት ጣቢያ በ1962 ተዘግታ በ1996 ታደሰች፤ ዛሬ ሙዚየምና ፖስታ ቤት ናት። እዚያ በበጋው የሚቆዩት ጥቂት ሠራተኞች የቧንቧ ውኃ ስለሌላቸው ሰውነታቸውን የሚታጠቡት በሚመጡት መርከቦች ላይ ነው። ጄንቱ ፔንግዊኖች እስከ ሕንፃው ደጃፍ ድረስ በጠጠር ጎጆ ይሠራሉ፤ የደሴቲቱ አንድ ክፍልም ለንጽጽር ጥናት ሲባል ለጎብኚ ዝግ ነው። አርጀንቲና፣ ቺሊና ብሪታንያ ይህን ዳርቻ ሦስቱም የእኛ ነው ይላሉ፤ የ1959ኙ የአንታርክቲካ ስምምነት የይገባኛል ጥያቄውን ባለበት አቁሞታል።

በዳርቻው ጄንቱ፣ አዴሊና ቺንስትራፕ የተባሉ ሦስት የፔንግዊን ዓይነቶች ይራባሉ። ጄንቱ እየበዛ ወደ ደቡብ ሲገፋ፣ አዴሊና ቺንስትራፕ በምዕራቡ ዳርቻ ቀንሰዋል፤ የባሕር በረዶ መሳሳትና የሚመገቡት ክሪል የተባለው ትንሽ የባሕር ፍጡር ሁኔታ በምክንያትነት ይነሣሉ። ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች ግን ከአደኑ ዘመን በኋላ በብዛት ተመልሰዋል።

በ1991 ሰባት አስጎብኚ ድርጅቶች የአንታርክቲካ አስጎብኚዎች ዓለም አቀፍ ማኅበርን አቋቋሙ። በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ከ100 ሰው በላይ አይወርድም፤ ከ500 በላይ ተሳፋሪ የያዘ መርከብ ጭራሹን ማውረድ አይችልም፤ ለ20 ሰው ቢያንስ አንድ አስጎብኚ ያስፈልጋል፤ ከፔንግዊን 5 ሜትር መራቅ፣ መንገዱን ካቋረጠም ቆሞ ማሳለፍ ግዴታ ነው። ድርጅቶቹ ራሳቸውን በራሳቸው በዚህ መጠን ያሰሩበት የቱሪዝም ዘርፍ እምብዛም አይገኝም። ከ2011 ጀምሮ በዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ ከባድ የመርከብ ነዳጅ ስለተከለከለም ግዙፎቹ መርከቦች ለጊዜው ቀነሱ። የወፍ ጉንፋን ወደ አካባቢው ከተዛመተ ወዲህ ደግሞ የብስ ላይ መቀመጥ፣ መንበርከክና ቦርሳ መሬት ላይ ማሳረፍ ቀርቷል።

የማያከራክረው የቁጥሩ ዕድገት ነው። በ1992–93 ወቅት ወደ 6,700 የነበረው ጎብኚ በ2023–24 ከ120,000 አልፏል፤ ከእነዚህ ውስጥ ሲሶ ያህሉ የብስ ሳይወርዱ በትልልቅ መርከቦች አልፈው የሚሄዱ ናቸው። አስጎብኚዎች፣ የተመለሰው ሰው ለአህጉሩ ጠበቃ ይሆናል ይላሉ፤ ተቺዎች ለዚህ በቂ ማስረጃ አልቀረበም ብለው የመርከቦቹን ጭስ ያነሣሉ። ሁለቱም ወገን የሚያነሣው ነጥብ ክብደት አለው። የመቶ ሰዎቹን ደንብ ሳይጣደፉና ሳይፈራረቁ የሚያሟሉት ግን መቶ ሰው የሚይዙት ናቸው፤ 400 ተሳፋሪ የጫነ መርከብ በየተራ ሲያወርድ ያው ባሕር ዳር ቀኑን ሙሉ ሰው አይለየውም። የስምምነቱ አባል አገሮች በ2023 ሄልሲንኪ ላይ ተሰብስበው ቱሪዝሙን የሚገዛ አጠቃላይ ማዕቀፍ ለማዘጋጀት ተስማምተዋል። ውሳኔ የሚተላለፈው በሁሉም ድምፅ ሰጪ አገሮች ስምምነት ብቻ በመሆኑ ሥራው በዝግታ የሚሄድ ነው።