ጃኪ ሮቢንሰን ዝም አላለም

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካን ታሪክ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ኤፕሪል 15 ቀን በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ በሜጀር ሊግ የሚጫወቱ የቤዝቦል ተጫዋቾች በሙሉ 42 ቁጥር ለብሰው ሜዳ በገቡ ማግስት፣ የማውቃቸው ኢትዮጵያውያን ወላጆች ቁጥሩ የማን እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ መልሱን ግን ከእኔ ሳይጠብቁ ራሳቸው ይሰጡታል፤ «ሲሰድቡት ዝም ብሎ፣ ታግሦ ያሸነፈው ጥቁር አይደል?» ይላሉ፤ ጃኪ ሮቢንሰንን ማለታቸው ነው። ስለ ትዕግሥት የሚነገረው ይህ ወሬ የእኔን ትዕግሥት ከጨረሰው ቆይቷል። ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት አብረውት የሚመጡትን ሌሎች ስሕተቶች ላንሳ። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«በሜጀር ሊግ የተጫወተው የመጀመሪያ ጥቁር ጃኪ ነው» የሚለው ትክክል አይደለም። ሞሰስ ፍሊትውድ ዎከር በ1884 ለቶሊዶ ክለብ ተጫውቷል፤ ወንድሙ ዌልዲም በዚያው ዓመት በዚያው ክለብ ተሰልፏል። በ1947 ለብሩክሊን ዶጀርስ የተሰለፈው ጃኪ ከስልሳ ዓመት በላይ ተዘግቶ የቆየውን በር ያስከፈተ ሰው ነው።

በሩ እንዴት እንደተዘጋም ብዙዎች በስሕተት ያስረዳሉ። «ጥቁር እንዳይጫወት ሕግ ወጥቶ ነበር» ይሉኛል። በ1887 ኢንተርናሽናል ሊግ የተባለው፣ ከሜጀር ሊግ በታች ያለ ሊግ፣ ከእንግዲህ ለጥቁር ተጫዋች ውል እንዳይሰጥ በድምፅ መወሰኑ እርግጥ ነው፤ በሜጀር ሊግ ግን የክለብ ባለቤቶች የቃል ስምምነት ስለበቃ ወረቀት አላስፈለገም። ያልተጻፈ ክልከላ ከተጻፈው የከፋ ነው፤ ይግባኝ የሚባልበት ነገር የለውምና። የሊጉ ኮሚሽነር የነበረው ኬኔሶ ማውንቴን ላንዲስ በ1942 የተጻፈም ሆነ ያልተጻፈ ክልከላ የለም ብሎ ሲናገር፣ በአሥራ ስድስቱ ክለቦች ውስጥ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም።

«ጥቁሮቹ ደረጃቸው ገና ነበር» ለሚሉኝ ረጅም መልስ የለኝም። ሩብ ፎስተር በ1920 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ካቋቋመው የጥቁሮች ሊግ ጀምሮ በነበሩት ዓመታት የተጫወቱትን ይመልከቱ። ኳስ ወርዋሪው ሳቸል ፔጅ በ1948 የሜጀር ሊጉ ክለብ ክሊቭላንድ ሲያስገባው ዕድሜው 42 ነበር፤ እኩዮቹ ጫማቸውን በሰቀሉበት ዕድሜ ስድስት ጨዋታ አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸነፈ። የጥቁሮች ሊግ ኮከብ መቺ ጆሽ ጊብሰን ያን ቀን ሳያይ ጃኪ ሜዳ ከመግባቱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ በ35 ዓመቱ ሞተ። ሜጀር ሊግ ከ1920 እስከ 1948 የነበሩትን የጥቁሮች ሊጎች የእኩል ደረጃ ሊጎች ናቸው ብሎ ያመነው በ2020 ነው፤ በ2024 ቁጥሮቹ ሲዋሐዱ ጊብሰን በ0.372 የመምታት አማካይ (ከሺህ ሙከራ 372ቱን መምታት ማለት ነው) የቀድሞውን አንደኛ ታይ ኮብን አልፎ የምንጊዜም አንደኛ ሆነ።

«ደጉ ብራንች ሪኪ በርኅራኄ አስገባው» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። የዶጀርስ ኃላፊ የነበረው ሪኪ ሃይማኖተኛ ሰው ነበር፤ ጉዳዩንም ከልቡ ያምንበት ነበር። ነገር ግን እርሱ ከመነሣቱ በፊት እንደ ዌንደል ስሚዝ ያሉ የጥቁር ጋዜጦች ጸሐፊዎች ለዓመታት ጮኸዋል፤ የኒው ዮርክ ግዛትም በ1945 በሥራ ቅጥር ላይ የዘር አድልዎን የሚከለክል ሕግ አውጥቷል፤ ትኬት የሚገዛው የጥቁር ተመልካች ገንዘብም የሚናቅ አልነበረም። ደጉ ሪኪ ጃኪን ከጥቁሮች ሊግ ክለብ ከካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ሲወስድ ለክለቡ አንድ ዶላር እንኳ አልከፈለም። ክሊቭላንድ ግን ጃኪ በ1947 ሜዳ ከገባ በኋላ ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሌላውን ጥቁር ተጫዋች ላሪ ዶቢን ሲያስፈርም ለጥቁሮች ሊግ ክለብ ለኒዋርክ ኢግልስ ባለቤት ለኤፋ ማንሊ ከፍሏል። ዶቢን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

«ከ1947 በኋላ ሁሉም ክለብ ተከፈተ» ለሚሉ፦ ቦስተን ሬድ ሶክስ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1959፣ ጃኪ መጫወት ካቆመ በኋላ ነው።

አንድ ደግሞ የእኛው ብቻ የሆነ ስሕተት አለ። «ኢትዮጵያን ክላውንስ» የሚባል ክለብ ስም በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ያዩ ወጣቶች በኩራት ይልኩልኛል። ተጫዋቾቹ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው፣ የፈጠራ አፍሪካዊ ስም ተሰጥቷቸው ሕዝብ እንዲያስቁ የተደረጉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ክለቡ በ1943 ወደ ኒግሮ አሜሪካን ሊግ ሲገባ «ኢትዮጵያን» የሚለውን ስም ጥሏል። ኩራቱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

አሁን ወደ ዝምታው። ጃኪ ቤዝቦልን ሥራው ከማድረጉ በፊት፣ በ1944 ቴክሳስ ውስጥ በካምፕ ሁድ የጦር ሠራዊት መኮንን ሳለ፣ ወደ አውቶቡሱ ኋላ ሂድ ሲባል እምቢ ብሎ ለወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርቧል፤ ተከራክሮም በነፃ ተለቋል። ሪኪ በ1945 የመረጠው ይህን ሰው ነው። ጠባዩን አሳምሮ ስለሚያውቅም ለተወሰኑ ዓመታት ለስድብ መልስ እንዳይሰጥ ቃል አስገባው። ዝምታው እንግዲህ የጊዜ ገደብ ያለው፣ ሁለት ሰዎች መክረው የተስማሙበት ዘዴ ነበር። በ1947 የፊላደልፊያው አሠልጣኝ ቤን ቻፕማን በስድብ ሲያዋርደው ጃኪ ሁሉንም ትቶ ሊጣላው ጥቂት ቀርቶት እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል።

ወላጆች የሚዘነጉት ሌላም ነገር አለ። ጃኪ ዝም ባለባቸው ዓመታት ዙሪያው ዝም አላለም። ዌንደል ስሚዝ አብሮት እየተጓዘ ይጽፍ ነበር። የቻፕማን ስድብ በጋዜጣ ወጥቶ ጉድ ስላሰኘ፣ አሠልጣኙ ከጃኪ አጠገብ ቆሞ ፎቶግራፍ ለመነሣት ተገዷል። ገደቡ ካበቃ በኋላ በ1949 ጃኪ ከዳኞች ጋር ይከራከር፣ ለሰደበው ይመልስ ጀመር፤ በዚያው ዓመት በ0.342 የመምታት አማካይ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ። ትናንት ጨዋ ያሉት ጋዜጠኞች ያን ጊዜ አስቸጋሪ ይሉት ጀመር።

ለእኔ ክርክሩን የሚዘጋው ግን የ1958ቱ ደብዳቤ ነው። በዚያ ዓመት ሜይ ወር ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ለጥቁር መሪዎች ጉባኤ ንግግር ሲያደርጉ ትዕግሥት እንዲኖራቸው መከሩ። ጃኪ ከአድማጮቹ አንዱ ነበር። በማግስቱ ለፕሬዚዳንቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቃሉን ሲሰማ ብድግ ብሎ «ኧረ በቃ፣ ደግሞ እንደገና!» ለማለት እንደቃጣው ገልጾ፣ ጥቁር ሕዝብ የሰው ልብ እስኪለወጥ ተቀምጦ ሊጠብቅ እንደማይችል ነገራቸው። የትዕግሥት ምሳሌ አድርገን የምንጠራው ሰው ታገሡ መባል ያንገሸገሸው ሰው ነበር። በ1972 ሊሞት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው እንኳ፣ ሊያከብሩት በጠሩት የወርልድ ሲሪስ (የሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) ሜዳ ላይ ቆሞ፣ በቤዝቦል ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ለማየት እንደሚጓጓ ተናግሯል። ፍራንክ ሮቢንሰን የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆኖ የመራበት የ1975 ውድድር ሲጀመር ጃኪ በሕይወት አልነበረም።

ይህን ያህል የምነታረከው ወሬው ልጆቻችንን ስለሚጎዳ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸው በሠፈር ቡድን የሚጫወት አንድ አባት ቢሮዬ መጡ። ከተቃራኒው ቡድን ወላጆች አንዱ ልጁን በየጨዋታው በዘር ስም እየጠራ ይሰድበዋል። አባትየው «መምህር፣ እንደ ጃኪ ዝም በል ብዬ መከርሁት» አሉኝ። ልጁም ዝም አለ፤ ከዚያም ጓንቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ጥሎ መጫወቱን ተወ። እኔም ለጃኪ የሚጽፍለት ጋዜጣ እንደነበረ፣ ለልጃቸው ግን ከእርሳቸው በቀር ማንም እንደሌለው ነገርኋቸው።

ተመሳሳይ ነገር ለገጠማችሁ የምመክረው ይህን ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል እንዳለ ጻፉት፤ በአጠገባችሁ የሰማ ሰው ካለ ስሙን ያዙ፤ ለልጁ አሠልጣኝ በዚያው ቀን ንገሩ፤ ለሊጉ ኃላፊዎች በጽሑፍ አመልክቱና መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ አትቅሩ፤ በአማርኛ ጻፉት፣ የሚተረጉም አይጠፋም። ልጁንም ለብቻው ወደ ሜዳ አትላኩት።

እኚያ አባት በአማርኛ ጽፈው አመጡልኝ፣ እኔ ተረጎምሁት። ተሳዳቢው ለቀረው የውድድር ጊዜ ሜዳው አጠገብ እንዳይደርስ ታገደ። ልጁ በቀጣዩ ጸደይ ጓንቱን አውጥቶ ተመለሰ፤ አሁን አባቱ የሚያማርሩብኝ ከዳኛ ጋር መከራከር አብዝቷል ብለው ነው።